ለተኛው ዘበኛ

በደረሰኝ ጀርባ ሐኪሙ ሲስልህ
ልክህ አውራ ጣት ነው፣ ግንደ አንጎል ስምህ።
አንኩድ ሆስፒታል፣ ጣራው ላይ ዝናብ ሲደበድብ፣
እርሳሱን ይዤው መጣሁ፣ ሥዕልህን ሳነብ።

"ከአእምሮዋ በታች፣ ከአንገቷ በላይ፣
ነገሩ እዚህ ጋ ነው፤ ደህና አድርገሽ እዪ።
የተቃጠለ አየር ደሟን ሲያኮመጥጠው
ቀምሶ 'ሳቢ' የሚላት፣ 'መልሺ' የሚላት ይሄ ነው።
ቀን ቀን ምንም አይደል፣ ራሷ ትስባለች፤
እንቅልፍ ሲጥላት ግን መተንፈስ ትረሳለች።"

የምትረሳው እሷ አይደለችም። አንተ ነህ።
ሚያራይ ምን አጠፋች? ተረኛው አንተ ነህ።

ሌላም ሥራ አለህ አሉ፤ አንገቷ ደም ስር ላይ
ጆሮ ጠቢ አስቀምጠህ፣ ሌላም ከልቧ በላይ፣
"ግፊቱ ወረደ" ሲሉህ ቧንቧውን ታጠባለህ፣
"ኧረ በዛ" ሲሉህ ልቧን ቀስ ታሰኛለህ።
ይህን ሁሉ ሳትመሰገን፣ ብቻህን፣ በጨለማ፤
ታዲያ ትንፋሿን ብቻ እንዴት ጣልካት? እስቲ ስማ፦

ሳልሞን የምንዘለዝልበት ፋብሪካችን በር ላይ
ቤላርሚኖ የሚባል ዘበኛ ነበረን፤
ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ አለቃው ቢያይ
በማግስቱ አባረረው፤ እኛም ሳቅን።
አንተን ግን ማን ያባርር? በማንስ ትተካ?
ቅያሪ ጠይቄ፣ መልሱ "የለም" ነው ለካ።

ስለዚህ ማሽን ገባ። ከአልጋዋ አጠገብ፣
ፊቷ ላይ ጭንብል፣ ሳጥኑ እንደ ርግብ
ሲያጉረመርም ያድራል።
ስድስት ዓመት እንዲህ።
ስድስት ዓመት አንድ ዓይኔን ብቻ አስተኛሁ።

ነሐሴ ላይ ነፋሱ ምሰሶውን ጣለ፤
ኬምቺ በሙሉ ጨለመ፤ ባሕሩ ግድቡን ዘለለ።
ባትሪው አራት ሰዓት ቆየ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ።
ብቀሰቅሳት ነቅታ መልሳ ትወድቃለች፤
ልጅ ናት፤ ሌሊት ነው፤ እንዴት ትችላለች?
የጎማውን ከረጢት አወጣሁ። ስጨምቅ
ደረቷ ይነሳል፤ ይተኛል ስለቅ።
እስከ ስምንት ሰዓት ክንዴ እሺ አለኝ፤
ከዚያ እምቢ።

ግድግዳውን ደበደብኩ። ዶን ኤቫልዶ መጣ፣
አኮርዲዮን ጠጋኙ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፤
ካፖርቱ እየተንጠባጠበ "ስጪኝ" አለ በጨለማ።
"ይህማ የኔ ሥራ ነው። ሲገባ አትቸኩዪ፣
ሲወጣ አትጎትቺ። ወናፍ ካስጨነቁት ይቀደዳል፤
የቆዳ ስፌት አውቃለሁ፣
የሳንባ ስፌት ግን አላውቅም።"

ሲጨምቅ አየሁት፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ
አንተ ስትሠራ እንዴት እንደምትሠራ፤
ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ፣ "እዩኝ" ሳትል፣
ሌላ ነገር እያሰብክ እንደሆነ ሁሉ።

እኔም ጋ ያንተ ቢጤ አለ፤
አርባ አንድ ዓመት ሠርቶልኛል፣ አንድ ቀን ስሙን አልጠራሁም።
ያን ሌሊት ባስበው
ትንፋሼ ተደናቀፈ፤ አንዱ አጠረ፣ አንዱ ረዘመ።
ስረሳው ተስተካከለ።

ሊነጋጋ ሲል ሚያራይ ነቃች።
ዶን ኤቫልዶ ወለሉ ላይ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
ከረጢቱን እንደታቀፈ።
"ሞተ?" አለችኝ።
"አልሞተም፤ ደረቱን እዪው።"
ልታየው ብድግ አለች፣ እንደ ልጅ፣ ባንድ ጊዜ፤
ደሟ ወደ እግሯ ወረደ፣ ከንፈሯ ነጣ፣
ግድግዳውን ያዘች።

አንድ ቆጠርኩ። ሁለት።
ጆሮ ጠቢዎችህ መቼም ይህን ነግረውሃል።
ሦስት።
እጄን ዘረጋሁ። አራት።

ከንፈሯ ቀላ።
"ያንኮራፋል እኮ" ብላ ሳቀች።

ዘግይተህ ነው የመጣኸው፤ አይቻለሁ፤
መዝገቤ ላይ አለ።
የዛሬ ደመወዝህን ግን አልቆርጥም።